የታይሮይድ ክኒን በስንት ሰዓት ይዋጥ? ቡና፣ ጾምና ቅዳሴ ላለበት የጎጃም ቤት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። በመስኮቱ በኩል ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ አለ። «ክኒኑን ሳላቋርጥ እየዋጥሁ ነው፤ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም።»

ከብቸና በኩል የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። መጠኑ ሦስት ጊዜ ተጨምሮላቸዋል። ምርመራቸው ግን አልተስተካከለም። አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ ከመኝታ ሲነሱ ጀምሮ የሚያደርጉትን እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። ክኒኑን የሚውጡት ቡናው ሲቀዳ ነው። «ቁርስ እኮ አልበላሁም ልጄ፤ ቡና ብቻ ነው የጠጣሁ» አሉኝ። እኔ ለወራት «ከምግብ በፊት» እያልሁ ጽፌ ስሰጣቸው ነበር። ለእሳቸው ምግብ ማለት እንጀራ ነው። ቡና መቼም ምግብ ሆኖ አያውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «ከምግብ በፊት» ብዬ ብቻ ሰው አልሸኝም።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሂዱበት። በተለይ ደረጃ 1ን አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የያዛችሁት የትኛው ክኒን ነው?

እኛ ጋ ሁሉም «የእንቅርት መድኃኒት» ይባላል። ግን ፍጹም ተቃራኒ ሥራ ያላቸው ሁለት ዓይነት ናቸው።

ሌቮታይሮክሲን አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሆርሞን ሲያንሰው፣ ወይም በቀዶ ሕክምና ሲወጣ የሚተካ ነው። ይህ መመሪያ በዋናነት የእሱ ነው።

ፕሮፒልታዮዩራሲል (ፒ.ቲ.ዩ)፣ ካርቢማዞልና ሜቲማዞል ደግሞ እጢው ከመጠን በላይ ሲሠራ የሚያበርዱ ናቸው። የእነሱ ሰዓት ሌላ ነው። ደረጃ 8ን አንብቡ።

ካርቶኑን አውጡና ስሙን እዩ። ማንበብ ካስቸገራችሁ ለባለሙያ አሳዩ። ከስሙ ሥር ያለውን ቁጥርም ጻፉ፤ 25፣ 50 ወይም 100 ማይክሮ ግራም ይላል። ይህ ቁጥር ኋላ ያስፈልጋችኋል።

ሰዓቱ ለምን ያስቸግራል?

ሌቮታይሮክሲን ጨጓራ ውስጥ ባለው አሲድ ይሟሟል፤ ከዚያ በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል። ሆድ ባዶ ሲሆን ከ60 እስከ 80 በመቶው ይገባል። ምግብ፣ ቡና፣ ካልሲየምና አይረን (ለደም ማነስ የሚሰጠው ብረት) ካገኙት ግን ይይዙታል። የተያዘው ከሰገራ ጋር ይወጣል።

ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ግማሹ የሚቀንሰው በ7 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ብትሳሳቱ አትደንግጡ። የሚጎዳው በየቀኑ የሚደገመው ትንሽ ስሕተት ነው። ጠዋትም ሆነ ማታ በራሱ የተለየ ኃይል የለውም። የምንፈልገው ሆዳችሁ በየቀኑ፣ ያለ ጭንቀት፣ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ነው።

ደረጃ 1፦ ለ7 ቀን ጻፉ

በአንድ ወረቀት ላይ በየቀኑ እነዚህን አራት ነገሮች መዝግቡ።

1. ጠዋት መጀመሪያ አፋችሁ የገባው ነገር ምንድን ነው? በስንት ሰዓት?
2. ማታ መጨረሻ አፋችሁ የገባው ምንድን ነው? በስንት ሰዓት?
3. በስንት ሰዓት ተኛችሁ?
4. ሌላ ምን መድኃኒት ዋጣችሁ?

ቆሎም ይጻፍ። ወተትም፣ አሬራም፣ ጠላም፣ ጎረቤት ቤት የተጠጣች አንዲት ስኒ ቡናም ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ሰው ከሆነ ልጅ ይጻፍለት። ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ ከሌሎቹ ቀናት እንደሚለዩ ስትጽፉት ታዩታላችሁ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያው ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ጠዋት ወይስ ማታ? ወስኑ

ሐኪም ሲያዝ በአብዛኛው «ጠዋት» ይላል። ከቁርስ በፊት 60 ደቂቃ መጠበቅ ለሚችል ሰው ትክክል ነው። ማታም ግን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኔዘርላንድ ውስጥ 90 ታካሚዎች ያጠናቀቁት ጥናት ታትሟል። ያው ሰው በተለያየ ጊዜ ጠዋትና ማታ እየዋጠ ሲለካ፣ ሲተኛ የዋጠው የተሻለ የደም ውጤት ነበረው።

ወረቀታችሁን ይዛችሁ እንዲህ ወስኑ።

ማታን ምረጡ፦ ጿሚ ከሆናችሁ፣ ወይም ጠዋት ያለ ቡና መቆየት ካልቻላችሁ፣ ወይም ጠዋት የምትውጡት የጨጓራ ወይም የደም ማነስ መድኃኒት ካለ። ግን አንድ ግዴታ አለ፤ ከእራት እስከ መኝታ ቢያንስ 3 ሰዓት ሊኖር ይገባል።

ጠዋትን ምረጡ፦ እራት በልታችሁ ወዲያው የምትተኙ ከሆነ። ገጠር ያለ ገበሬ ከብት አስገብቶ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል በልቶ፣ 3 ሰዓት ላይ ይተኛል። ለእሱ ማታ አይሆንም።

ሌሊትን ምረጡ፦ ለሰዓታት ወይም ለኪዳን በሌሊት የምትነሡ፣ ወይም በየሌሊቱ ለሽንት የምትነቁ ከሆነ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሆድ ባዶ ነው፤ ቡናም ገና አልተቆላም። ክኒኑንና ውሃውን ከራስጌ አስቀምጡ። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ መክሬ ተስማምቷቸዋል።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ከተማ ለሚኖር ጿሚ ሰው ማታ ይሻላል እላለሁ። ጠዋትን ይዞ በየጾሙ ከሚወዛገብ፣ ማታን ይዞ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ቢሄድ ይበጀዋል።

የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሰዓት ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ደረጃ 3፦ የጠዋቱ አካሄድ

1. ከአልጋ እንደተነሣችሁ፣ 12 ሰዓት ገደማ፣ ክኒኑን ከስትሪፑ አውጡ። ቀደም አድርጋችሁ አታውጡት።
2. በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጡ። ውሃ ብቻ። ሻይ፣ ወተት፣ ጭማቂ፣ ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ አይሆንም።
3. 60 ደቂቃ ጠብቁ። ቢያንስ 30 ደቂቃ፤ ከዚያ በታች ግን ድካማችሁ በከንቱ ነው።
4. ከዚያ በኋላ ቡናውም ቁርሱም ይምጣ።

ቡናውን ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ አቦሉን እስከ መቅዳት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ክኒኑን የቡናው ምጣድ ከመጣዱ በፊት ዋጡ። ፍም ከመያዛችሁ በፊት የመዋጥ ልማድ ከያዛችሁ ሰዓት መቁጠርም ብዙ አያስፈልግም። ቴርሞስ ውስጥ ያደረ ቡና ባለበት ቤት ግን ሰዓት ያዙ።

ደረጃ 4፦ የማታው አካሄድ

1. እራት 1 ሰዓት ላይ ጨርሱ።
2. ከዚያ በኋላ አፋችሁን ዝጉ። «ትንሽ ቆሎ» የምትባለዋ ብዙ ሰው ትጥላለች። ሲመሽ የሚጠጣ ወተትም እንደዚሁ፤ ካልሲየሙ ክኒኑን ይይዘዋል። ወተቱን ከእራት ጋር ጠጡት።
3. 4 ሰዓት ላይ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጡ።
4. ተኙ።

የስልክ ደወል ስትሞሉ ተጠንቀቁ። ስልካችሁ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ የማታ 4 ሰዓት 10 ብሎ ነው የሚታየው። 4 ብላችሁ ከሞላችሁት በቀን 10 ሰዓት ወይም በሌሊት 10 ሰዓት ይጮኻል። ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቶ አይቻለሁ።

ደረጃ 5፦ ጾም፣ ቁርባንና ጠበል

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ብዙ ሰው ክኒኑን የሚያቋርጠው እዚህ ነው።

ዐቢይ ጾም። 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት ውሃም የማይቀምስ ሰው «ከፋሲካ በኋላ እቀጥላለሁ» ብሎ ክኒኑን ያቆማል። በ7 ቀን ግማሹ የሚያልቅ ሆርሞን በ55 ቀን ውስጥ የሚተርፍ የለውም። ለፋሲካ ፊቱ አብጦ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ብርድ ብርድ እያለው የሚመጣ ሰው አለ። እባካችሁ አታቋርጡ። አካሄዱ ይኼ ነው፤ በ9 ሰዓት ጾሙን ፍቱ፣ ሁለተኛውን ምግብ ማታ 1 ሰዓት ላይ ጨርሱ፣ 4 ሰዓት ላይ ክኒኑን ዋጡ።

በጾም የሚበላው ይለወጣል። ተልባና በሶ ይበዛል፤ ከተማ ውስጥ የአኩሪ አተር ወተት የሚጠጣም አለ። ሦስቱም ክኒኑ እንዳይገባ ያደናቅፋሉ። መተው አያስፈልግም። 9 ሰዓት ላይ ጠጧቸው፤ ወደ ክኒኑ ሰዓት አታስጠጓቸው።

ጠዋት ክኒኑን በውሃ መዋጥ ግድ ከሆነባችሁ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። ታማችሁ እንደሆነና ክኒኑ ዕድሜ ልክ እንደሚወሰድ በግልጽ ንገሯቸው። ሳትጠይቁ ብቻችሁን አትወስኑ።

ቁርባን። ቆራቢ 18 ሰዓት ስለሚጾም የዋዜማው ማታ ክኒን ይቀራል። አልፎ አልፎ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ይለፍ። በማግስቱ ማታ አንድ ብቻ ዋጡ፤ ሁለት አታድርጉ። በየሳምንቱ የምትቆርቡ ከሆነ ግን ከሰባት አንድ ክኒን እየቀረ ነው። ያን ለሐኪማችሁ ንገሩና በሌላ ሰዓት ይተካላችሁ ወይም መጠኑ ይታሰብላችሁ።

ጠበል። ጠበል ስትገቡ ክኒኑን ይዛችሁ ግቡ። ጠበል በባዶ ሆድ በብዛት ይጠጣል፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ጠዋት የዋጣችሁት ክኒን አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በሱባዔ ያላችሁበትን ጊዜ ሁሉ ማታ ዋጡ። የቀናቱን ብዛት ቆጥራችሁ፣ ጥቂት ትርፍ ጨምራችሁ ያዙ።

ረመዳን። ከኢፍጣር በኋላ በተከታታይ መብላት ስለሚኖር ምቹው ሰዓት ከሱሁር በፊት ነው። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ተነሡ፤ ዋጡ፤ ከዚያ ብሉ።

ደረጃ 6፦ ሌሎች መድኃኒቶችን አርቁ

እነዚህን ከሌቮታይሮክሲን 4 ሰዓት አርቋቸው፦ አይረን፣ ካልሲየም፣ አይረንና ካልሲየም ያለባቸው የቫይታሚን ክኒኖች፣ የሚታኘክ ወይም ፈሳሽ የጨጓራ ማስታገሻ።

ኦሜፕራዞል ከእነዚህ ይለያል። ጨጓራ ለሚያመው ሁሉ ይሰጣል። የጨጓራውን አሲድ ስለሚቀንስ በሰዓት ማራራቅ ብቻ ነገሩን አይፈታውም። ኦሜፕራዞል ስትጀምሩም ስታቆሙም የታይሮይድ ሐኪማችሁ ይወቅ።

ደረጃ 7፦ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ

ይህን ለብቻው ለአንቺ እጽፋለሁ እህቴ። የወር አበባሽ ከቀረ እርግዝናው እስኪገፋ አትጠብቂ፤ በዚያው ሳምንት ሂጂ። በእርግዝና ጊዜ የሌቮታይሮክሲን መጠን አብዛኛውን ጊዜ መጨመር ያስፈልገዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱ ሆርሞን የሚያገኘው ከአንቺ ነው። ጭማሪውን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ አንቺ በራስሽ አታቁሚ፣ አትቀንሺ።

በጤና ጣቢያ ወይም በጤና ኬላ አይረን ይሰጥሻል። ሁለቱን በአንድ ላይ መዋጥ ትልቁ ስሕተት ነው። ሌቮታይሮክሲኑን ጠዋት 12 ሰዓት፣ አይረኑን ከምሳ በኋላ ወይም ማታ አድርጊው። ጠዋት ጠዋት የሚያስመልስሽ ከሆነ ቦታ አቀያይሪያቸው፤ ሌቮታይሮክሲኑ ማታ 4 ሰዓት፣ አይረኑ ቀን ይሁን።

ደረጃ 8፦ ፒ.ቲ.ዩ ለሚወስዱ

ፒ.ቲ.ዩ ብዙ ጊዜ በየ8 ሰዓቱ ይታዘዛል። 12 ሰዓት ጠዋት፣ 8 ሰዓት ቀን፣ 4 ሰዓት ማታ ብትሉት ልክ ይመጣል። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል፤ ብቻ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሁን። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የቀኑ ክኒን ይቀርበታል፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር። ካርቢማዞልና ሜቲማዞል በቀን አንዴ የሚታዘዙበት ጊዜ ስላለ የታዘዘላችሁን ተከተሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፒ.ቲ.ዩ፣ ካርቢማዞል ወይም ሜቲማዞል እየወሰዳችሁ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ክኒኑን አቁሙና በዚያው ቀን ሄዳችሁ የነጭ ደም ሕዋስ ቆጠራ አሠሩ። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረም አቁማችሁ ፈጥናችሁ ሂዱ።

ደረጃ 9፦ ሰዓት ስትቀይሩ

ከጠዋት ወደ ማታ፦ ሰኞ ጠዋት እንደወትሮው ዋጡ። ማክሰኞ ጠዋት ዝለሉ። ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ዋጡ። ከዚያ በየማታው ቀጥሉ።

ከማታ ወደ ጠዋት፦ ሰኞ ማታ ዋጡ። ማክሰኞ ሙሉውን ዝለሉ። ረቡዕ ጠዋት ጀምሩ።

የቀየራችሁበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆጥራችሁ ቲ.ኤስ.ኤች (መጠኑ ልክ መሆኑን የሚያሳየውን የደም ምርመራ) ተመርመሩ። በሁለት ሳምንት ተመርምሮ «አልሠራም» ማለት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ደሙ ገና አልተረጋጋም።

በምርመራው ቀን ጠዋት የምትውጡ ከሆነ ደም ከሰጣችሁ በኋላ ዋጡ። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጥ ባዮቲን የምትወስዱ ከሆነ ውጤቱን ያዛባል። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት አቁሙት፤ ለላብራቶሪውም ንገሩ።

በቡና ስትውጡ ቆይታችሁ አሁን በውሃ ብቻ ከጀመራችሁ ሌላ ነገር ጠብቁ። መጠኑ ሊበዛባችሁ ይችላል። ለካ ሲጨመርላችሁ የነበረው በቡናው ምክንያት ነበር። የብቸናዋ እናት ሰዓቱን ካስተካከሉ በኋላ ሐኪማቸው መጠኑን ቀነሰላቸው። በአንዴ በራሳችሁ አትቀንሱ፤ ምርመራው ይንገራችሁ።

ነገሩ ሲበላሽ

*ረሳሁት፤ ቁርስም በላሁ።* በዚያው ቀን ካስታወሳችሁ ከምግብ በኋላ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ጠብቃችሁ ዋጡ። ያስታወሳችሁት በማግስቱ ከሆነ ያለፈው ይለፍ፤ የዛሬውን ብቻ ዋጡ።

*ዋጥሁና ወዲያው ቡና ጠጣሁ።* ሌላ ክኒን አትድገሙ። ነገ አስተካክሉ።

*ዋጥሁት አልዋጥሁት ጠፋኝ።* አትድገሙ። ለወደፊቱ ስትሪፑ ጀርባ ላይ በስክሪብቶ የቀኑን ስም ጻፉ፦ ሰ፣ ማ፣ ረ።

*አስመለሰኝ።* ክኒኑ ሲወጣ በዓይናችሁ ካያችሁት ሌላ ዋጡ። ካላያችሁ እስከ ነገ ቆዩ።

*ማታ ከዋጥሁ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።* ሁለት ሳምንት ሞክሩት። ካልተሻለ ወደ ጠዋት ተመለሱ።

*ልቤ ይመታል፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበኛል።* መጠኑ ሳይበዛ አልቀረም። በዚያው ሳምንት ተመርመሩ። የደረት ሕመም ካለ ግን ሰዓት አትቁጠሩ፤ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ።

*ክኒኑን ያቋረጠ ሰው ሰውነቱ ቀዝቅዞ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው ይዘባርቃል።* ይህ ለሕይወት ያሰጋል። ክኒን በአፉ አትስጡት፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

*ክኒኑ ቀለሙ ተለወጠ፤ ተፈረፈረ።* ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ያበላሹታል። ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ አውርዱት። ደጀን ወርዳችሁ ዓባይ በረሃን በመኪና ስታቋርጡ ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልላችሁ ያዙት፤ መስኮት ሥር አታስቀምጡት።

*የሰጡኝ ካርቶን ሌላ ነው።* ከጽሑፋችሁ ጋር ቁጥሩን አመሳክሩ። ባለ 50ው ጠፍቶ ባለ 100 ከተሰጣችሁ እኩሌታው ነው የሚዋጠው። ይህን ያልተነገረው ሰው ሙሉውን ይውጣል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ፋብሪካው ከተቀየረም ለሐኪማችሁ ንገሩና ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ተመርመሩ።

*ክኒኑ አለቀብኝ፤ መንገዱም ተዘግቷል።* መጠኑን እያጋመሳችሁ ቀን ለማርዘም አትሞክሩ፤ ያላችሁን በልኩ ዋጡ። ጥቂት ቀናት ቢያልፉ የቀድሞው ገና ከደማችሁ አልወጣም። እየደወላችሁ በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያና መድኃኒት ቤት አፈላልጉ፤ ስሙንና ቁጥሩን በስልክ ንገሯቸው። ስታገኙ በነበረው መጠን ቀጥሉ፤ ያለፈውን ለማካካስ አትደራርቡ። ከወር በላይ ካቋረጣችሁ፣ ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ። ከዚያ በኋላ 20 ክኒን ሲቀራችሁ ለመግዛት ውጡ።